ከቀለም በፊት

«የቢታ ገነት ልጅና ጀልባ ምን አገናኛቸው?» እዚህ ቦንጋ ጀልባ ነበረኝ ብዬ ባወራሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ውሃ ሞልቷል፤ ዳሩ ግን የካፋ ውሃ ቆሞ የሚጠብቅ ውሃ አይደለም። ከየጫካው ሥር እየፈለቀ ገሚሱ በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ፣ ገሚሱ ወደ ባሮና ወደ አኮቦ ቁልቁል ይሮጣል። ሰው ይሻገረዋል እንጂ አይሄድበትም። ግንድ ይጋደምበትና ይታለፋል፤ ከዚያ በኋላ ወንዙም ወደ መንገዱ፣ ሰውም ወደ ጉዳዩ ነው።

ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ ላቅርብ። የምናገረው ስለ አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ ነው፤ ግን ነገሩ ወደ ሌላም ያመራል። አሮጌ ነገር ገዝቶ ቀስ በቀስ ማደስ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል የሚለው ጥያቄ ነው ዋናው ጣጣ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ይህን ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ እንጂ በእጃችን አንለምደውም።

ሞተርን ከጀልባ በፊት አውቀዋለሁ። ቢታ ገነት ሳድግ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ የናፍጣ ወፍጮ ነበረ። እናቴ በቆሎ አሸክማ ስትልከኝ ወረፋው ረጅም ነውና ሌሎቹ ልጆች ውጭ ኳስ ሲያሳድዱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሞተሩን አዳምጥ ነበር። ቺንጊያው ሲላላ ድምፁ ይለወጣል። ናፍጣው ውስጥ አየር ሲገባ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሳል። አስፈጪው ሰውዬ ዱቄት እንደለበሱ ከውጭ ሆነው ድምፁን ሰምተው ብቻ «ቺንጊያውን አጥብቀው!» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሳያዩ ማወቃቸው ይገርመኛል።

አጎቴ ደግሞ የግብርና ሠራተኛ ነበርና ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው አሮጌ ባለሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ነበረው። ባለሁለት ምት ማለት ለማያውቅ ሰው ቤንዚኑና ዘይቱ ተቀላቅለው አብረው የሚቃጠሉበት ሞተር ነው። በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት ሲደርስ ያ ብስክሌት ከአጎቴ ይልቅ ይታመም ነበር። አጎቴ ካንዴላውን ፈትቶ በጥርስ ብሩሽ ሲጠርግ እኔ ቁልፍ አቀባይ ነኝ። «ሞተር አይዋሽም» ይለኝ ነበር፤ «ሰው ነው ሳያዳምጠው የሚፈርድበት።»

በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ዕጣዬ ባሕር ዳር ሆነ። ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ መሄድ ነው። ጣናን ሳየው መጀመሪያ ያስገረመኝ ስፋቱ አልነበረም፤ ውሃው የትም አለመሄዱ ነው እንጂ። በኋላ እንደተማርነው ስፋቱ 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ አይመጥንም። በአማካይ 8 ሜትር፣ በጣም ጠለቀ በተባለበትም ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ እንደማለት ነው። ስለዚህም ዝናብ ሲያጥርና ውሃው ለኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ቶሎ ይጎድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት መስተዋት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው።

በዚህ ውሃ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ታንኳ ነው። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእስር በእስር ተጠፍሮ ይሠራል፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። ታንኳ ውሃ እየመጠጠ ሲከብድ ከውሃ ወጥቶ ይደርቃል፤ ሲያረጅ ደግሞ ይጣልና ሌላ ይሠራል። አይጠገንም፤ ይተካል። ደንገሉ እዚያው ዳር ላይ ስለሚበቅል መተካቱ አያስቸግርም። የሞተር ጀልባ ለዓሣ ሥራ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ከሆላንድ፣ ኡርክ ከምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከተቋቋመ ድርጅት ጋር ሆኖ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አጥማጆች አስተዋወቀ። ሞተር ግን እንደ ደንገል ከዳር አይበቅልም። ሲበላሽ ዕቃው ከሩቅ ይመጣል። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ሞተር አዋቂ የሚባል አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ። ከእንደዚህ ዓይነቱ አንዱን ጋሼ እያልን እንጠራቸው ነበር፤ የዚህን ጽሑፍ ቁም ነገር የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር ነው ነገሩ የተጀመረው። ሦስት ነበርን። አንዱ የዳንግላ ልጅ፣ የዶርም ጓደኛዬ፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። ሁለተኛው የዘጌ ልጅ ነው፤ እናቱ ቡናና ማገዶ ወደ ከተማ እያመጡ ሸጠው ነው ያሳደጉት። ሦስተኛው እኔ። ሐሳቡን ያመጣው የዘጌው ልጅ ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ የቡና ጆንያ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመለስ ጤፍ፣ ጨው፣ ስኳር ሁልጊዜ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ብናመላልስ ለመማሪያችን ይሆነናል አለ። የሚሸጥ አሮጌ ጀልባም አይቷል።

ጀልባዋ ከላሜራ የተሠራች፣ ስድስት ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ከኋላዋ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት የጃፓን ሞተር የተሰቀለባት ነበረች። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ባለቤቱ «ቀለሟን እዩልኝ፤ ሙሽራ እኮ ናት!» ይላል። ጋሼን ይዘን ሄድን። ሽማግሌው ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው ከሥር በኩል ጫር ጫር አደረጉ። ሰማያዊው ተነሣ፤ ቀይ ዝገት ብቅ አለ። ሌላ ቦታ ጫሩ፤ እዚያም እንደዚሁ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረው፣ «ሙሽራዋ ከዚህ በፊት አግብታ ታውቃለች መሰለኝ» አሉት። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። የጠየቀው 50,000 ብር ነበር፤ በዚያ ሚስማር ምክንያት በ39,000 ተስማማን። የእያንዳንዳችን ድርሻ 13,000 ሆነ።

አሥራ ሦስት ሺህ ብር ለእኔ ቀላል አልነበረም። ገሚሱን ያጠራቀምኩት በጽሕፈት ቤት የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው። የቀረውን ሰባት ሺህ አባቴን በስልክ ጠየቅሁ። አባባ በካፊኖኖ ሲናገር ቃሉ አጭር ነው። ከማርና ከቡና የተገኘ ገንዘብ አለ፤ ግን የታናሽ እህትህ ነው፤ በመስከረም ቦንጋ ቤት ተከራይታ ትማርበታለች፤ ከዚያ በፊት ይመለስ አለኝ። ሌላ ምክር አልጨመረም። እኔም «ይመለሳል» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጀልባዋ ውስጥ አራተኛ ሰው የተቀመጠች ያህል ነበር፤ እህቴ።

ገዝተን እንዳበቃን የዳንግላው ጓደኛዬ ሞተሩን ለማስነሣት ቸኮለ። ጋሼ እጁን ያዙና እንዲህ አሉን፤ እኔም በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፦

«መጀመሪያ ውሃ እንዳይገባ። ቀጥሎ ሞተሩ እምቢ ሲል የምትመለሱበት። ከዚያ የምትሄዱበት። ቀለም መጨረሻ።»

ጀልባዋን በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አንከባለን ወደ ዳር አወጣናት፤ ገለበጥናትም። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ መላጥ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ ጋሼ ትንሽ መዶሻ አምጥተው ላሜራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኩ ጀመር። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ዝገት የበላው እንደ እርጥብ እንጨት ድም ብሎ ይቀራል። ድም ባለበት ሁሉ በጠመኔ ክብ አደረግን። አሥራ አንድ ክብ ሆነ። የወፍጮው ሰውዬ ትዝ አሉኝ፤ ጆሮ ዓይን ከማያየው ይደርሳል።

በያጁ ዋጋ ስለተማርኩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የበላውን ላሜራ ሳይቆርጡ ከላዩ ላይ ብረት መለጠፍ ርካሽ ነው፤ ግን ዝገቱ ከሥር ሥራውን አያቆምም፤ የሳሳው ብረትም በብየዳው እሳት ይቀዳደዳል። ትክክለኛው ሥራ ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ማውጣት ነው። ቀዳዳው በፊት ከነበረው ይሰፋል። ሲያዩት ያስፈራል። የጣት ያህል የነበረው የመዳፍ ያህል ይሆናል። «ማስፋት ሳትደፍር መጥገን አትችልም» ይሉ ነበር ጋሼ። ልጥፉም ማዕዘኑ ክብ መሆን አለበት፤ ሹል ማዕዘን ከተተወ ጀልባዋ በማዕበል ስትወዛወዝ ከዚያው ላይ ትሰነጠቃለች።

ብየዳው ሲያልቅ እንዴት እንደፈተናት ስሙ። ቀና አድርገን በግንዶች ላይ አስቀመጥናትና ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳን ውስጧን ስንዝር ያህል ውሃ ሞላን። ከውጭ እንዳይገባ ለማወቅ ከውስጥ ማፍሰስ! ከሥሯ ተኝተን ስናይ ሁለት ቦታ ላይ ጠብታ እንደ ላብ ብቅ አለች። ምልክት አደረግን፤ ውሃውን ደፋን፤ እንደገና ተበየደ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞላት ሆዷ ደረቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጸረ ዝገት የተቀባችው፤ ያውም ቀይ፣ ሻካራ፣ ለዓይን የማታምር።

ቀጥሎ የመመለሻው ነገር መጣ። ሁለት መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ፣ ከአሮጌ ብረት የተሠራ መልሕቅ፣ ውሃ መጥለፊያ የሚሆን በአፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አራት ተንሳፋፊ ጃኬት። የዳንግላው ልጅ እዚህ ላይ ተቆጣ። «ሞተር ያለው ጀልባ መቅዘፊያ ምን ያደርግለታል? ይኸ ገንዘብ ለሞተሩ ቢውል ኖሮ እስካሁን ሥራ ጀምረን ነበር» አለ። የዘጌው ልጅ መልስ አልሰጠም፤ ሐይቁ ላይ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር አይገባም። ገበያ ሄዶ መቅዘፊያውን ገዝቶ መጣ።

ሞተሩ በመጨረሻ ወደ ጋሼ ሾላ ዛፍ ሥር ተወሰደ። እዚህ ላይ የአጎቴ ትምህርት ረዳኝ፤ ያም ባለሁለት ምት፣ ይኸም ባለሁለት ምት። ካንዴላውን ስንፈታ ጥቁርና ዘይት የጠጣ ሆኖ አገኘነው። ካርቡራተሩ ውስጥ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። ቤንዚን የሚተፋባትን ቀጭን ቀዳዳ ለመክፈት ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንዲት ክር መዘዝን። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ይኸ ዕቃ አይጠፋም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የምትስበው የጎማ ክንፍ ተሰባብራለች፤ ያለ እሷ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ከሁሉ የከበደው ከታች ነበር። ፕሮፔለሩ አጠገብ ያለውን የማርሽ ዘይት ስንከፍተው ወተት የመሰለ ነጭ ፈሰሰ። ዘይት ነጭ ሆነ ማለት ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጋሼ ፕሮፔለሩን አወለቁና ከኋላው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የናይለን ክር በጣታቸው እየጎተቱ አወጡ። የመረብ ክር ነው። መረቡ በተጠመጠመ ቁጥር እየተሳበ ገብቶ ዘይት የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ቆርጦታል። ቀለበቱ የቁልፍ መያዣ ያህል ነው፤ ግን ባሕር ዳር አልተገኘም። መርካቶ ላክን። መጀመሪያ የመጣው ልኩ አልሆነም፤ ሁለተኛው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት አለፈ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያችን የምታህል ጎማ ጠበቅን። እህቴ በዚያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ተፈተነች።

በግንቦት አጋማሽ ሞተሩ ተሰቀለ። ለሃምሳ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት፤ ይኸ በጽሑፍ የምታገኙት ልክ ነው፤ እኛ ግን በሊትር ሃያ ሚሊ ሊትር እያልን በሕክምና መርፌ እንለካ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ የሦስታችንም ዓይን የሄደው ወደ ድምፁ አልነበረም፤ ከጎኑ ወደምትወጣው ቀጭን የውሃ ክር ነበር። እሷ ከወጣች ሞተሩ እየቀዘቀዘ ነው። ወጣች። የዳንግላው ልጅ የምህንድስና ተማሪ ነውና ጉልበቱ ከተጻፈው ማነሱን አስተዋለ፤ ምክንያቱንም አብራራልን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አሥራ አምስት ፈረስ ገዝተን ከአሥራ ሦስት የማይበልጥ ነበር ያገኘነው። «የቀሩት ሁለቱ ፈረሶች ጂቡቲ ቀርተዋል» አለ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዘጌ ነበር፤ በማለዳ። ዘጌ ስንደርስ የሆንኩትን በቃል መግለጽ ይቸግረኛል። ከጀልባዋ ወርጄ ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ጥላ ውስጥ ገባሁ። ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፤ የረገበ ቅጠል ሽታ፣ እርጥበት፣ ጦጣ። ቢታ ገነት! ከሀገሬ ያን ያህል ርቄ፣ ውሃ ተሻግሬ፣ የአባቴን ጫካ አገኘሁት። የእነዚያ ገዳማት አገር ሰዎች በአባቶች ሥርዓት በሬ ጠምደው አያርሱም፤ ኑሯቸው በቡናና በደኑ ላይ ነው። ደኑም የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ። እኛ ካፋዎች በእ.ኤ.አ. 2010 ደናችን በዩኔስኮ ተመዘገበ ብለን ስንኮራ፣ እነሱ ያለ መዝገብ ስንት መቶ ዓመት እንደጠበቁት አሰብኩ። የጓደኛዬ እናት ቡና አፈሉልን። ከየት እንደመጣሁ ሲነገራቸው ስኒውን ይዘው ቆዩና፣ «እንግዲያማ እንግዳ አይደለህም፤ እንግዳው ቡናው ነው፤ ከእናንተ አገር መጥቶ እዚህ የከረመ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አራት ጆንያ ጭነናል። መንገድ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አቃሰተና ጸጥ አለ። ነፋሱ ተነሥቷል። የዘጌው ልጅ ወደ ኋላ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «መረብ» አለ። ማንም የማይጎበኘው፣ ባለቤቱ የጠፋበት ወይም የጣለው የናይለን መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። መቅዘፊያዎቹ ወጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራ በተራ ቀዘፍን፤ የዳንግላው ልጅ ከሁላችን አብልጦ ቀዘፈ፤ ስለ መቅዘፊያ ዋጋም ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም። ዳር ደርሰን መረቡን በቢላ ስንቆርጥ በውስጡ ሰባት ዓሦች ነበሩ፤ ነጭ ዓሣ የሚሉት ዓይነት። አምስቱ በስብሰዋል። ለማንም ሳይሆኑ፣ ገበያ ሳይደርሱ፣ መረቡ ብቻውን እያጠመደ ገድሏቸዋል።

ያን መረብ ያየሁት በጥሩ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በሐምሌ ፈተናው መጣ። የዓሣ ነጋዴ የሆነ ሰው ጀልባዋን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ልከራይ አለን። በቀን 900 ብር። ቦታው የጉማራ ወንዝ አፍ ነው። ወረት ጭነት በሌለበት ክረምት፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ! ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የእህቴ ሰባት ሺህ ከድርሻዬ ይመለሳል። በልቤ ቆጠርኩት፤ በደብተሬም ጻፍኩት።

ዳሩ ግን ጉማራ አፍ ላይ በነሐሴ ምን እንዳለ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ አሥራ አምስት ያህል ዓይነት ያላቸውና ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙት፣ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ የሚወጡት በዚያን ወቅት ነው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያጠምደው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ሲመዝኑ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ቀንሶ አገኙት። በፊሊፒንስ ላናው በሚባል ሐይቅ የነበሩት የነዚህ ዘመዶች አብዛኞቹ ዛሬ ጠፍተዋል። ሞተር ባይመጣ ኖሮ ታንኳ ከወንዝ ወንዝ ያን ያህል መረብ ተሸክሞ አይደርስም ነበር። ያ የኡርክ ሰዎችና የቤተ ክርስቲያን ሥራ በቅን ልብ ድሀውን ለመርዳት የታሰበ ነው፤ ረድቷልም። ግን ሞተር ወዴት እንደሚሄድ አይመርጥም። የሚመርጠው መሪውን የያዘ ነው።

ሦስታችን ሌሊቱን ሙሉ ተከራከርን። የዳንግላው ልጅ «እኛ ብንከለክል ሌላ ያከራያል፤ ዓሣው ያው ይሞታል፤ እህትህ ግን ትማራለች» አለ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም። የዘጌው ልጅ «እሱ የሚለው ልክ ነው፤ ግን ይችን ጀልባ በአሥራ አንድ ቦታ የጠገንነው እኛ ነን፤ ሌላው አይደለም» አለ። እኔ የመጨረሻው ድምፅ ሆንኩ። እምቢ አልኩ። ነጋዴው ሲሰማ አልተሳደበም። «እናንተ ነገ ዲግሪ ትይዛላችሁ፤ እኔ የምይዘው መረብ ብቻ ነው» ብሎ ሄደ። ይኸንንም መጻፍ አለብኝ፤ እውነት ስለሆነ።

ሰባቱ ሺህ እንዴት ተመለሰ? በየቅዳሜው በጆንያ፣ በጤፍ፣ በስኳር፤ አንድ ጊዜ የሙሽራ ዕቃ፣ አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ። ክረምቱን ጠዋት ጠዋት ብቻ እንሄድ ነበር። መስከረም ሲጠባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጎደለኝ። ስልኬን ሸጥኩና ሞላሁት። እህቴ መስከረም ላይ ቦንጋ ገብታ ተመዘገበች። አባባ «ደረሰ» ብሎ በዶርም ጓደኛዬ ስልክ መልእክት ላከ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ጀልባዋ ቀለም የተቀባችው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ከገዛናት ልክ በዓመቷ። ነጭ ከላይ፣ አረንጓዴ ከታች። ጋሼ ዙሪያዋን አንዴ ዞረው አዩና፣ «አሁን ሚስማር አልፈራም» አሉ። በ2012 ዓ.ም. ድርሻችንን ለዘጌው ጓደኛችን ቤተሰብ ለቀቅን።

ስንቱን ነገር ከቀለም እንደምንጀምር አስባለሁ። ግድግዳው አብርቶ ቧንቧው ውሃ የማይሰጥ ጤና ጣቢያ አይተናል። ሰሌዳው በትልቅ ፊደል ተጽፎ መጽሐፍ የሌለበት ቤተ መጻሕፍት አይተናል። የተማሪ ማኅበር ስናቋቁም ራሱ ማኅተምና አርማ እናስቀርጻለን፤ ሰብሳቢው ሲጠፋ ማን ይተካዋል የሚለውን ግን አንነጋገርም። ይኸ መቅዘፊያ አለመያዝ ነው። ዝገቱን ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ለጊዜው አጥፊ ይመስላል፤ ቀዳዳውን አስፍቶታልና። የሚቀባው ሰው ደግሞ ለጊዜው ይመሰገናል። ሁለቱን የሚለያቸው ሚስማር ብቻ ነው።

ባለፈው በዓል ቢታ ገነት ስወርድ የሠፈራችን ሰዎች በዕድር ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ ለመግዛት አስበው ነበር። አንተ የተማርክ ነህ፤ እየው ብለው ወሰዱኝ። ሻጩ በአረንጓዴ ቀለም አሽሞንሙኖታል። ዘይቱን በጣቴ ነክቼ አየሁ፤ ቺንጊያውን ገለበጥኩ፤ አስነሡት ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። ከዚያ በወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፍኩላቸው፤ መጀመሪያ የሚጠገነው፣ ቀጥሎ ሲቆም የሚተካው ዕቃ፣ ከዚያ የሚያስፈጨው፣ መጨረሻ ቤቱን መቀባት። ዋጋውን በስምንት ሺህ ቀነሱት። ወፍጮው ዛሬ ይፈጫል፤ ግድግዳው ገና ጭቃ ነው።